«ጭቆና» እና «ግፍ» አንድ ናቸውን?

በማስተማር ልምምድ ላይ ከመካከላችን አንዱ ለአምስተኛ ክፍል ስለ ጭሰኛ ሲያስረዳ፣ አንዲት ልጅ «ጭቆና ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ግፍ ማለት ነው» ብሎ አለፈ። ልጅቷ ግን አልለቀቀችውም፤ «ባለመሬቱ ደግ ሰው ከሆነስ?» አለች። ጓዳችን ዝም አለ። ከኋላ ተቀምጠን ማስታወሻ የምንይዘውም ዝም አልን። እውነቱን ለመናገር መልሱን አናውቀውም ነበር።

ማታ በማደሪያችን ስንከራከር አመሸን። የደረስንበትን እነሆ።

«ግፍ» ከ«ገፋ» ጋር ዝምድና አለው፤ በግእዝም «ገፍዐ» ማለት በደለ ማለት ነው። ወተት ይገፋል፣ በር ይገፋል፣ ድሃም ይገፋል። ገፊው ይታወቃል፣ ተገፊው ይታወቃል፣ የተገፋበትም ቀን ይታወቃል። ስለዚህ «በግፍ ተገደለ»፣ «ግፍ ዋለበት» እንላለን። «በጭቆና ተገደለ» ቢባል ግን ጆሮ አይቀበለውም።

«ጭቆና» ሰው የሚኖርበት ነገር ነው። «በጭቆና ሥር» ይባላል፤ «በግፍ ሥር» አይባልም። ጭሰኛው ከምርቱ ሢሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ባለመሬቱ ደግ ሆኖ በክፉ ዓመት ድርሻውን ቢተውለት እንኳ፣ በፈለገ ጊዜ ከመሬቱ ሊያስነሣው ይችላል። ሰውየው ግፍ አልሠራም፤ ጭቆናው ግን እዚያው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም የሻረው ጭሰኝነትን ነው እንጂ የአንድን ባለመሬት ክፋት አይደለም።

ነገሩ በግልባጩም አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ወጣቶች «በጭቁኑ ሕዝብ» ስም ተገደሉ። ለዚህ አድራጎት የሚስማማው ቃል የቱ ነው? ግፍ ነዋ! «ጭቁን» የሚለውን ቃል ከአፉ የማይለይ ሁሉ እጁ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

«ይሄ የቃላት ጨዋታ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። አንስማማም። ታላቅ ወንድሙ እርሳስ ሲቀማው «ጨቆነኝ» ያለ ተማሪ ሰምተናል፤ ስቀናልም። ያስተማርነው ግን እኛው ነን።

ልጅቷ በማግስቱ መልሷን አገኘች። ወዲያው ሌላ ጥያቄ አስከተለች፤ «አንድ ልጅ ሲያወራ ክፍሉን በሙሉ የሚገርፉ መምህርስ?»

ጓዳችን አርጩሜውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «እሱ ግፍ ነው» አላት።

ከኋላ የተቀመጥነው በማስታወሻችን ላይ «በየቀኑ ከሆነስ?» ብለን ጻፍን።