ለፀሐይ መብራት ምትክ ባትሪ ስለ መምረጥ

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ዛሬ ከአኮፋዳው ጋራ የፀሐይ መብራት ቢይዝ አያስደንቅም። ከዓመታት በኋላ ብርሃኑ ሲደክም ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ የደከመው ግን ብዙ ጊዜ ባትሪው ብቻ ነው።

ምትክ የሚሻ ሰው አሮጌውን አውጥቶ የተጻፈበትን ያንብብ፤ ቢቻልም ይዞት ወደ ገበያ ይሂድ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ቮልት፥ ይኸውም ኤሌክትሪኩ የሚገፋበት ኃይል ነው። ሊትየም ከሚባሉት አንዱ ወገን 3.7፥ ሌላው 3.2 ቮልት ሲሆን መልካቸው አንድ ስለ ሆነ ሻጩም ገዢውም ይሳሳታል። ለ3.7 በተሠራ መብራት 3.2ውን ቢያገቡበት ከልኩ አልፎ ይሞላና ይበላሻል። በእጅ ባትሪ የሚገባው የ1.5 ቮልት ተራ ድንጋይማ እንዲሞላ አልተሠራምና ሊያፈስ፥ ሊፈነዳም ይችላል።

ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚባለው ደግሞ እንደ እንስራ ስፋት ነው፤ ከፊተኛው ቢበልጥ አይጎዳም፥ ለመሙላት ብቻ ይዘገያል። ነገር ግን ውፍረቱ 18፥ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር በሆነው፥ 18650 በሚሉት ባትሪ ላይ 9900 ተጽፎ ቢገኝ ሐሰት ነው፤ በዚያ መጠን ከ4000 እምብዛም አያልፍም። እኔም ቁጥሩን አምኜ በእጥፍ ዋጋ ገዝቼ አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ ጨልሞብኛል።

ሲያገቡትም የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ እንደ ቀድሞው ይሁን። በሩቅ ለምትታዘዝ የሕፃናት መኪናም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ያበጠውን ባትሪ ግን ልጆች እንዳይወጉት፥ ወደ እሳትም እንዳይጥሉት መምህሩ ከእጃቸው ይውሰድ።