የጓያ መርዝ፤ በእንፋሎቱ ሳይሆን በውሃው

በደምቢያና በፎገራ ሜዳ፥ በጎጃምና በሸዋ ጥቁር አፈር ላይ፥ የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ ከሚዘሩት ጥራጥሬዎች አንዱ ጓያ ነው። ርጥበት የበዛበትንም ዝናም የነሳውንም መሬት ይችላል፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ እርሱ ይገኛል። ስለዚህም በክፉ ቀን የድኻ መሶብ በጓያ ብቻ ይሞላል፤ ጕዳቱም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በወሎ በደላንታ ዳውንት እ.ኤ.አ. በ1997 ብዙ ሰው ጕልበቱ ደርቆ በምርኵዝ ቀርቷል። «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ይህ ደዌ አንዴ ከጸና አይድንም፤ አብዝቶ የሚይዘውም ወጣት ወንዶችን ነው።

ጓያ ሲቀቀል ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት እግር ይሰብራል የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ ከመርዙ ባሕርይ ጋር አይስማማም። መርዙ ኦዳፕ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ሊቃውንት ምንነቱን ገልጠው አስታወቁ። ወገኑ ከአሚኖ አሲዶች ነው፤ ይኸውም ናይትሮጅን ያለበት የአሚን ክፍልና የአሲድ ክፍል በአንድነት የያዘ ነገር ማለት ነው። አሲዱ ሃይድሮጅኑን ለአሚኑ ያስረክባል፤ በዚህም አንዱ ክፍል ፖዘቲቭ፥ ሌላው ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ይዞ እንደ ጨው አጥብቆ ይያያዛል። ጨው ከሚፈላ ወጥ ተንኖ እንደማይሄድ ሁሉ ኦዳፕም በእንፋሎት አይወጣም፤ በውሃ ግን ይሟሟል።

አሚኖ አሲዶች፥ የአንዱ አሚን ከሌላው አሲድ ጋር እየተጋጠመ፥ በሰንሰለት ሲያያዙ ፕሮቲን ይሆናሉ። ከጓያ ፍሬ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ኦዳፕ ግን ከሰንሰለቱ ውጭ ብቻውን የሚኖር ስለ ሆነ፥ ፍሬው በብዙ ውሃ ሲዘፈዘፍ መርዙ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ፕሮቲኑ አብዛኛው በፍሬው ይቀራል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚጐዳውም ግሉታሜት ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚያቀብለው በግሉታሜት ሲሆን፥ ኦዳፕ በስፍራው ገብቶ ነርቩን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሰዋል።

እንግዲህ ጓያን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፥ ደግሞም በአዲስ ውሃ ቀቅሎ ያንኑ መድፋት ነው። ውሃው ያልተደፋ ንፍሮ መርዙን እንደ ያዘ ይበላል፤ ለቆሎም መርዙን የሚወስድለት ውሃ የለም። በኢትዮጵያ የተደረገ ምርመራም ንፍሮውን፥ ቆሎውንና ጥሬ እሸቱን መብላት ለደዌው ይበልጥ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል።

የሆነ ሆኖ ውሃ ከሩቅ በእንስራ በሚቀዳበት አገር፥ ይልቁንም በድርቅ ዓመት፥ ሁለት ጊዜ ድፉ ማለት ለመካሪው ቀላል ነው እንጂ ለባለቤቷ ቀላል አይደለም። ለዚህ ሌላው መንገድ ማቀላቀል ነው። ጥራጥሬ ድኝ ባለባቸው አሚኖ አሲዶች፥ በሜቲዮኒንና በሲስቴይን፥ ድኻ ነው፤ ጤፍ፥ ስንዴና ገብስ ይሻላሉ፤ ከእነርሱ ጋር ሲበላም አደጋው ይቀንሳል። ብዙ ቤት ግን መልካሙን እህል አስቀድሞ ይጨርስና ሁለት ሦስት ወር በጓያ ብቻ ይከርማል። ጎተራው ገና ሳይጐድል ጀምሮ ለሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ጓያ እየቀላቀሉ ማብቃቃት ይሻላል። ባቱ የሚኮማተር፥ እግሩም የሚከብደው ሰው ከተገኘ ለእርሱ ጓያው በዚያው ቀን ይቋረጥ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።