የሕፃናት ጨዋታና የእኛ የታላላቆች ድርሻ

በብዙ ቤት እናትና አባት ለሥራ ሲወጡ ትንሹን ልጅ የሚጠብቀው ታላቅ እኅቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ነው። ስለዚህም ስለ ሕፃናት አእምሮ እድገት ሲነሣ ጉዳዩ የሐኪሞችና የመምህራን ብቻ ሳይሆን የእኛ የወጣቶችም ነው። ይሁን እንጂ ሕፃን መጠበቅ ማለት ልጁ እንዳይወድቅ፣ እሳት እንዳይነካና እንዳያለቅስ ማድረግ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ዝም ካለ ደግ ልጅ ነው እንላለን። ዝም እንዲልም ስልክ እንሰጠዋለን። የዓለም የጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ መክሯል።

ታዲያ በስልኩ ፈንታ ምን እንስጠው? ከሱቅ የሚገዛ ውድ አሻንጉሊት ነውን? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጠን በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን የተደረገ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ሳሊ ግራንታም-ማክግሬጎር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በምግብ እጥረት እድገታቸው የቀጨጨ 129 ሕፃናትን መረጡ። የሕፃናቱ ዕድሜ ከ9 እስከ 24 ወር ነበር። ለከፊሎቹ አንዲት የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ ለ1 ሰዓት ያህል ቤታቸው እየሄደች፣ እናት ከልጅዋ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምትነጋገር ታሳይ ነበር። መጫወቻዎቹም በቤት ከሚገኝ ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ይህ ለ2 ዓመት ቀጠለ። ልጆቹ አድገው 22 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተፈልገው ተጠየቁ፤ የተጐበኙት ካልተጐበኙት ይልቅ በገቢያቸው 25 በመቶ ያህል በልጠው ተገኙ። ይኸውም በ2014 ታትሞ ወጣ።

ለአንዳንዶቹ ልጆች በየሳምንቱ ተጨማሪ የወተት ምግብ ይታደላቸው ነበር፤ ምግቡ ብቻውን ግን በዚህ በኩል እስከ ጉልምስና የዘለቀ ለውጥ አላመጣም። ይህን ስል ምግብ ምን ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ የተራበ ልጅ መጫወትም አይችል። ነገር ግን ልጁ በልቶ ከጠገበ በኋላ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያነጋግረው ሰው ካጣ ገና የጎደለው ነገር አለ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጨዋታዎች እንምጣ። ገበጣን እንመልከት። 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ይዞ መጫወት ለ4 ዓመት ልጅ ይከብደዋል፤ ስለዚህ 6 ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍረን በየጉድጓዱ 2 ጠጠር ብናደርግለት ይበቃዋል። በአንድ ጉድጓድ አንድ ጠጠር እየጣለ ሲሄድ መቁጠር ማለት ምን እንደ ሆነ በእጁ ይረዳል። ከመጀመሩ በፊት «ማሙሽ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት የምታርፍ ይመስልሃል?» ብለን እንጠይቀው። ቢሳሳት አንቈጣ። እጁንም ይዘን በእርሱ ፈንታ አንጫወት፤ ይህ የእኛ የታላላቆች ትልቅ ጠባይ ነው፤ ለማሸነፍ እንቸኩላለን።

ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተ ሰቦች የመጡ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆችን ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተርታ በተጻፈበት ሰሌዳ አጫወቱ። ልጁ መጫወቻውን ሲያራምድ የደረሰበትን ቁጥር ድምፁን አሰምቶ ይጠራል። በ2 ሳምንት ውስጥ 4 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ሩብ ሰዓት ያህል ቢጫወቱ፣ የትኛው ቁጥር እንደሚበልጥና እንደሚያንስ መለየት ተሻሽሎላቸው ተገኘ። ቁጥር በሌለው፣ ቀለም ብቻ ባለው ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ይህን አላሳዩም። እኛም መሬት ላይ በምንሠምረው ሰኞ ማክሰኞ በየቤቱ ቁጥር ብንጽፍና ልጁ ሲዘል ቁጥሩን እንዲጠራ ብናደርግ ወጪው ቁራጭ ከሰል ብቻ ነው።

ልጅ ውሃ ሲገለብጥ ካየንም ወዲያው «ተው!» አንበል። ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ፒያዤ (1896–1980) እንዳሳዩት፣ ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሃ ከሰፊ ጣሳ ወደ ቀጭን ብርጭቆ ሲገለበጥለት በብርጭቆው ያለው የበዛ ይመስለዋል። ይህ ቂልነት አይደለም፤ አእምሮው ገና እየተሠራ ስለ ሆነ ነው። «እስቲ ወደ ጣሳው መልሰው፤ አሁንስ?» ብንለው እየገለበጠ ራሱ ይመራመራል።

ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ጭቃው ሊጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ ይሆናል፤ እዚህ ላይ እንግዳ ሆኖ «ወጡ ጨው አነሰው» ማለት እንጂ ማስተማር አያስፈልግም። ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። «አፍ የላትም፣ ጎረቤት ትጠራለች» ብንለው ልጁ በቤቱ ያለውን ሁሉ በሐሳቡ ይዞራል፤ የቡና ሽታ መሆንዋን ቢያጣት አገር ይሰጠናል። በማግሥቱ የራሱን እንቆቅልሽ ሠርቶ ቢመጣ፣ መልሱ ባይገጥምም እንኳ አገር እንስጠው።

ጠጠርን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ ጠጠር፣ ባቄላ ወይም ቁልፍ ሊያንቀው ይችላል። ለእርሱ ከጡጫው የሚበልጥ ነገር፣ ለምሳሌ የታጠበ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የእንጨት ማንኪያና የጨርቅ ኳስ እንስጠው፤ ከአጠገቡም አንራቅ።