ወደ ሳዋሮ ከመሄድሽ በፊት

እማዬንና ልጆቹን ይዘሽ ቱሳን ልትወርጂ እንደሆነ ስሰማ ደስ አለኝ። ግን አውቅሻለሁ፤ መኪናሽን መንገድ ዳር አቁመሽ፣ ሁለት ፎቶ አንስተሽ፣ «በቃ አየነው» ብለሽ ወደ ፊኒክስ ልትመለሺ ነው። ሳዋሮ ናሽናል ፓርክ እንደዚያ አይታይም፤ እስቲ ጆሮሽን ስጪኝ።

ጁላይ ላይ እረፍት አለኝ ያልሽውን ተይው። በዚያ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የእማዬን ደም ግፊት ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። ዝናቡም የሚጥለው ያኔ ነው፤ ጠዋት ደረቅ አሸዋ የነበረው ቦይ ከሰዓት በኋላ ድንገት በጎርፍ ይሞላል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ሂዱ። ያኔም ቢሆን ለቀኑ በሰው 4 ሊትር ያህል ውሃ ያዢ፤ ምሳችሁንም ከቤት ቋጥሩ።

ፓርኩ ቱሳን ከተማን መሀል አድርጎ ምሥራቅና ምዕራብ ለሁለት የተከፈለ ነው። ምሥራቁ ከ1933 ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ ምዕራቡ በ1961 ተጨመረ፤ ናሽናል ፓርክ የተባለው በ1994 ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ካላየሁ አትበይ። ሳዋሮ የሚባለው ቁልቋል ጥቅጥቅ ያለው በምዕራቡ በኩል ነው፤ የመኪና መዞሪያው ግን ጥርጊያ መንገድ ስለሆነ ያንገጫግጫል። የእማዬን ጉልበት አስቢና ምሥራቁን ምረጪ። እዚያ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞር አስፋልት አለ፤ በእግር ለመንሸራሸርም ለእሷ የሚመች አጭር የተነጠፈ መንገድ ታገኛላችሁ።

እማዬ ሳዋሮውን ገና ስታየው «ይሄማ የኛው ቁልቋል ነው» ማለቷ አይቀርም። አትፍረጂባት፤ ቅርጹ በእውነት ያሳስታል። በዘር ግን አይገናኙም። የኛው ሲቆረጥ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ወተት ይወጣዋል፣ ሳዋሮ ወተት የለውም። በረሃና ድርቅ ነው ያመሳሰላቸው። በለስ ግን እዚያው በቅሎ ታገኘዋለች፤ ወደኛ አገር የመጣውም ከአሜሪካ ምድር ነውና ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።

አንድ ትልቅ ሳዋሮ ምረጡና አጠገቡ ቆዩ። ግንዱን እዪው፤ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ሽንሽኑ ይነፋል፣ ሲጠማው ይሰበሰባል። የመጀመሪያውን ክንድ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዓመት ሲሞላው ነው። ብዙ ክንድ ያለው ትልቅ ሽማግሌ ካገኛችሁ፣ አድዋ ላይ ጦርነቱ ሲካሄድ እሱ እዚያው ቆሞ ሊሆን ይችላል። ወደ ላይ ቀና ብትሉ ቀዳዳ ታያላችሁ፤ ግንደ ቆርቁር የፈለፈለችው ነው፣ እሷ ስትለቅ ትንንሽ ጉጉት ይገባበታል። አበባው ነጭ ነው፤ በሜይና በጁን ማታ ይፈካና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይከደናል። በዚያች አጭር ጊዜ ነው የሌሊት ወፍ፣ ንብና ርግብ የሚሻሙበት። ፍሬው ሲበስል የአገሩ ባለቤቶች ቶሆኖ ኦኦዳም ከራሱ ከሳዋሮው የደረቀ አጥንት በሠሩት ረጅም ዘንግ ያወርዱታል፤ አዲስ ዓመታቸውም ከዚያ ለቀማ ጋር ነው የሚገባው።

ቾያ የሚሉትን ቁልቋል ግን ራቁት። ከሩቅ ለስላሳ ፀጉር የለበሰ ይመስላል፤ ነካ ሲያደርጉት ቁራጩ ተገንጥሎ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በእጅሽ ለመንቀል እንዳትሞክሪ፣ ያኔ ጣትሽንም ይይዘዋል። ማበጠሪያ በቦርሳሽ ያዢ፤ ጥርሱን በቁራጩና በቆዳው መሀል አስገብተሽ ፈንጠር አድርጊው፣ የቀረውን እሾህ በወረንጦ ልቀሚ። እማዬን ነጠላዋን መኪና ውስጥ ትተወው በያት፤ ጫማዋም የተሸፈነ ይሁን።

ልጆቹን ደግሞ አደራ። ፎቶ ለመነሳት ብለው ወደ ዛፍ ጥላ ሥር እንዳይሮጡ። የሳዋሮ ችግኝ የሚያድገው እዚያው፣ ከፀሐይና ከውርጭ ተጠልሎ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ቁመቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ሳያዩት ይረግጡታል። ከመንገዱ እንዳትወጡ።