ቆሮሶ በገንዳ ውስጥ ለምን ይጣላል?
ተበላ የምትገኝበት የሁምቦ ወረዳ በአባያ ሐይቅ አካባቢ ነው። በዚህ ሐይቅ ከሚገኙት ዓሣዎች አንዱ ቆሮሶ ነው። ይህ ዓሣ ለጥናት ወደ መስታወት ገንዳ ሲገባ ግን ጓደኛውን እስከ ሞት ሊያሳድድ ይችላል።

ወንዱ ቆሮሶ በመራቢያ ጊዜ ከውኃው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ግዛት ይይዛል፤ የሚቀርበውንም ወንድ ያባርራል። ሴቷ በዚያ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። በሐይቅ ውስጥ ተሸናፊው ሸሽቶ ያመልጣል። በገንዳ ውስጥ ግን መሸሻ ስለሌለው ዘወትር ይጨነቃል፣ መብላት ይተዋል፣ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ይዳከማል።

ጠቡን ለመቀነስ የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል፦

1. ሰፊ ገንዳ መምረጥና በመጠን የሚቀራረቡ ዓሣዎችን ማስገባት።

2. ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሴቶችን መመደብ። ሁለት ዓሣ ብቻ ከሆነ ጥቃቱ ሁሉ በአንዱ ላይ ያርፋል።

3. በድንጋይና በሸክላ ስባሪ መደበቂያ ማበጀት። የማይተያዩ ዓሣዎች ብዙም አይጣሉም።

4. አዲስ ዓሣ ሲገባ የድንጋዮቹን ቦታ መለወጥ። ነባሩ የለመደውን ግዛት ስለሚያጣ የበላይነቱ ይቀንሳል።

5. ምግቡን በተለያየ ቦታ መበተን።

6. አምባዛን ከትናንሽ ቆሮሶዎች ጋር አለማኖር፤ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣልና።

የቆሰለ ዓሣ ወዲያውኑ ለብቻው ይለይ። ሆኖም በሽታ ሊያዛምት ስለሚችል ወደ ሐይቅ መመለስ የለበትም። እንግዲህ የገንዳ ሰላም የሚገኘው የዓሣውን ጠባይ በመለወጥ ሳይሆን፣ ጠባዩን አውቆ መኖሪያውን በማስተካከል ነው።