የበጋ ማብቂያ የአየር ጠባይ ትንበያ አነባበብ በደቡብ ቀይ ባሕር ጠረፍና በአፋር ቆላ

እንደሚታወቀው በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን «ክረምት» የሚባለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ክረምት ሲባል ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የብርድ ጊዜ ሲሆን፣ ይህ ወቅት በእኛ አነጋገር በጋ ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ አጭር ማስታወሻ በበቃው ነበር። ነገር ግን ከምፅዋ እስከ አሰብ፣ ከዚያም እስከ ጅቡቲ በተዘረጋው ጠረፍና ከበስተጀርባው ባለው የአፋር ቆላ፣ የደጋው በጋ ዝናብ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው፤ ለጠረፉ ዋናው ዝናብ፣ ለቆላው ደግሞ ደጋፊው። የእርዳታ ዕቅድ በደጋው ወቅት ብቻ ተመሥርቶ ሲወጣ የዚህ አካባቢ ችግር ከመዝገብ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጥር መጨረሻና በየካቲት የሚወጣውን የአየር ጠባይ ትንበያ የመስክ ሠራተኛው እንዴት ሊያነበው እንደሚገባ ማስረዳት ነው። ጠረፉና ቆላው ዛሬ በኤርትራ፣ በጅቡቲና በኢትዮጵያ መካከል የተከፈለ ቢሆንም ደመናውም ሆነ መንጋው በወሰን ድንጋይ ስለማይቆም፣ አካባቢውን እንደ አንድ አድርጎ መመልከት ግድ ይላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቀይ ባሕር በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውኃ በትነት የሚያጣ ባሕር ነው። ይህን ያህል እርጥበት አጠገቡ እያለ ጠረፉ በረሃ መሆኑ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም እርጥበት ብቻውን ዝናብ አይሆንም፤ አየሩን ወደ ላይ አንሥቶ የሚያቀዘቅዘው ኃይል ያስፈልገዋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በባሕሩ ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ በደቡቡ ክፍል ደግሞ በባብ ኤል መንደብ በኩል ገብቶ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ይገሠግሣል። ሁለቱ ነፋሳት በባሕሩ መካከለኛ ክፍል ሲጋጠሙ ዝቅ ያለ ደመናና ካፊያ ይፈጠራል። እርጥቡ አየር ከጠረፉ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲገፋ የሚያጋጥመው እንደ ግድግዳ የቆመ ተዳፋት ነው። ምፅዋ ከባሕር ወለል ላይ ስትሆን አስመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት ግን 70 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አየሩ ይህን ዳገት ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉምና ዝናብ ይሆናል።

ከዚህም የተነሣ በምፅዋ የዓመቱ ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳን በማይሞላበት ሁኔታ፣ ከዚያው ብዙም በማይርቀው የፍልፍል ሰሎሙና ተዳፋት በበጋም በክረምትም ዝናብ የሚያገኝ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይገኛል። የሐማሴንና የአከለ ጉዛይ ገበሬ ደጋው ሲደርቅ ከብቱን እየነዳ «ባሕሪ» ወደሚባለው ወደዚሁ ተዳፋት የመውረድ ልማዱ የቆየ ነው። አንድ ገበሬ በዓመት ሁለት ክረምት አገኘ ማለት ነው። ወደ ደቡብ ወደ አሰብ ሲወረድ ግን ጠረፉ ከተራራው እየራቀ ስለሚሄድ ዝናቡ በእጅጉ ያንሳል።

ይህ የበጋ ዝናብ እንደ ደጋው ክረምት በየቀኑ የሚጠበቅ አይደለም። በይበልጥ የሚጠነክረው ከሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ የሚነሣው የአየር መናወጥ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ነው። እንዲህ ያለው አጋጣሚ በአንድ ወቅት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚመጣ በመሆኑ የአንድ ሳምንት ዝናብ ወቅቱን ሊያሟላው፣ የአንድ ሳምንት መቅረትም ወቅቱን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህም የጠረፉ «አማካይ ዝናብ» የሚባለው ቁጥር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል፤ በብዙዎቹ ዓመታት ያልታየ ዝናብ ሊሆን ይችላልና።

ወደ አፋር ቆላ ስንዘልቅ ሕዝቡ ዓመቱን በራሱ ስሞች ከፍሎት እናገኛለን። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ የሚዘንበው ከርማ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን ክፍል ይይዛል። ዳዳ በታኅሣሥ ገደማ ለጥቂት ቀናት የሚወርድ ነው። ሱጉም የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ሲሆን ከደጋው በልግ ጋር ይገጥማል። ከዝናባቱ መካከል ጊላል የተባለው ቀዝቃዛ ደረቅ ወቅትና ከከርማ በፊት የሚመጣው እጅግ ሞቃታማው ሐጋይ ይገኛሉ።

ዳዳ በመጠኑ ትንሽ ነው፤ በሚሊ ሜትር ብቻ ለሚለካው ሰው ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ይሁን እንጂ ጥቅሙ በከርማና በሱጉም መካከል ያለውን ረጅም ደረቅ ጊዜ ለሁለት መክፈሉ ነው። ኩሬዎች ጥቂት ውኃ ይይዛሉ፤ ከቋሚ ጉድጓድ የራቀው ግጦሽ ለጥቂት ሳምንታት ይከፈታል፤ መንጋውም በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ሣር ሳይጨርስ ይቆያል። ዳዳ የቀረ እንደሆነ ከብቱ እስከ መጋቢት የሚደርሰው ከከርማ በተረፈው ድርቆሽ ብቻ ነው። ሱጉምም ከደገመ ደግሞ የከሳው መንጋ በቀጥታ ወደ ሐጋይ ሐሩር ይገባል። ችግሩ ለዓይን ጎልቶ የሚታየው በግንቦትና በሰኔ ይሁን እንጂ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሲጠራቀም የቆየ ነው።

ጉዳቱ በዚያው ዓመት እንደማያበቃም መታወቅ አለበት። ፍየል በ5 ወር ገደማ ስለምትወልድ አንድ ጥሩ ዝናብ ከመጣ በቶሎ ታገግማለች። ግመል ግን ከ12 ወር በላይ ታረግዛለች፤ ዘንድሮ በክሳት ምክንያት ሳታረግዝ የቀረች ግመል ወተቷ የሚታጣው ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ ባለው ዓመት ነው። «ዘንቧል፣ እርዳታው ይቁም» የሚለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ ይህን ሒሳብ ይዘነጋል።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲጠፋ የአፋርን ሕዝብ የጎዳው የሰማዩ ድርቀት ብቻ አልነበረም። መንጋው በደረቅ ጊዜ ይሸሽበት የነበረው የአዋሽ ዳር ግጦሽ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተከልሎ ስለነበር መሸሻው ተዘግቶ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያ ሱጉም፣ ቀጥሎም በብርቱው ኤልኒኞ ምክንያት ከርማ ሲቀሩ፣ ከሁሉ አስቀድመው ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል አፋርና የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ይገኙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ በይፋ ተገልጿል።

እንግዲህ ወደ ትንበያው እንምጣ። በ1973 ዓ.ም. የብሔራዊ ሜትዮሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት ሆኖ የተቋቋመውና ዛሬ ኢንስቲትዩት የተባለው መሥሪያ ቤት የበልጉን ትንበያ በበጋው ማብቂያ ያወጣል። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የታላቁ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ባለሙያዎች በጋራ ተሰብስበው የአካባቢውን ትንበያ የሚያዘጋጁበት መድረክ አለ። ትንበያው የሚቀርበው በሦስት ክፍል ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። አከፋፈሉን ለመረዳት ያለፉትን 30 ዓመታት በዝናባቸው መጠን በቅደም ተከተል መደርደር ነው። እጅግ የዘነበባቸው 10 ዓመታት የመጀመሪያውን፣ መካከለኞቹ 10 ሁለተኛውን፣ ደረቆቹ 10 ሦስተኛውን ክፍል ይይዛሉ። ምንም የተለየ ምልክት በሌለበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ክፍል ከመቶ 33 ያህል ዕድል ይሰጠዋል።

ለምሳሌ ያህል ለአንድ ወቅት ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 ተብሎ ቢተነበይ፣ ይህ «ድርቅ ይመጣል» ማለት አይደለም። ከመቶው 55 እጁ ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን የተተወ ነው። በሌላ በኩል የደረቁ ዕድል ከ33 ወደ 45 ከፍ ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ሠራተኛ ቃሉን ብቻ አንብቦ ያስደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ አምና የተነበየው አልደረሰም ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ይተወዋል። ሁለተኛው ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ከመጀመሪያው የባሰ መስሎ ይታየናል።

በካርታው ላይ ደግሞ ቀለም ሳይቀባ የሚቀር ስፍራ ያጋጥማል። ይህ «ችግር የለም» ማለት ሳይሆን፣ በእነዚያ ወራት ስፍራው በተለምዶ ደረቅ ስለሆነ ትንበያ አልተሰጠም ማለት ነው። እንዲሁም «መደበኛ» የሚለው ቃል በደጋ በልግ ለዘር የሚበቃ ዝናብ ሲሆን፣ በጠረፉ አጠገብ ከጥቂት ካፊያ ላያልፍ ይችላል። የሱጉም ዝናብ በራሱም ለትንበያ አስቸጋሪ ነው። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አውሎ ነፋስ ሲደጋገም ወደ እኛ ይመጣ የነበረው እርጥበት ወደዚያ እየተሳበ የበልጉ ዝናብ ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ ከወራት በፊት የሚታወቅ ነገር ስላልሆነ የየ10 ቀኑን መግለጫ መከታተል ያስፈልጋል።

ስለዚህ የትንበያው ቁጥር ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም። ውሳኔው የሚገኘው ቁጥሩ ከመሬቱ ሁኔታ ጋር ሲቀመጥ ነው። ዳዳ ዘንቦ፣ ኩሬው ውኃ ይዞ፣ መንጋው ሥጋ እያለው 45 የሚል ትንበያ ቢመጣ መከታተል ይበቃል። ዳዳ በቀረበት ዓመት ግን ያው 45 በየካቲት ውስጥ ሥራ መጀመርን ያዛል። በዚህ ጊዜ የደለበው ወይም ገና ያልከሳው ወይፈንና ፍየል ገበያ ያወጣል። በግንቦት ሁሉም የከሳ ከብት ይዞ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ የእህሉ ዋጋ ደግሞ ይወጣል። በየካቲት ተሽጦ እህል የገዛ ቤተሰብ የቀሩትን የሚወልዱ ከብቶች በሚገኘው ሣር ሊያተርፍ ይችላል። በየካቲት ተሠርቶ ዝናቡ ቢመጣ የሚጠፋው የጥቂት ጭነት መኖና የጉድጓድ መጠገኛ ወጪ ነው፤ ሳይሠራ ዝናቡ ቢቀር የሚጠፋው ግን በዓመታት የማይተካ መንጋ ነው።

ዝናቡ በመጣበት ዕለት እንኳን አደጋው አያልፍም። ለወራት የከሳ ከብት ቀዝቃዛ ዝናብ ሲያርፍበት ይሞታል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ የሰሜን ሶማሌን ጠረፍና ጅቡቲን በመታ ጊዜ በድርቅ የተዳከመ ብዙ ከብት በዝናቡ አልቋል።

ትንበያው ለሕዝቡ ሲነገርም አነጋገሩ ሊታሰብበት ይገባል። አፋሮች መንገደኛ ሁሉ ያየውንና የሰማውን በትክክል የሚያስተላልፍበት «ዳጉ» የተባለ የቆየ የዜና ሥርዓት አላቸው። በዳጉ ያልተጣራ ወሬ ማቀበል ነውር ነው። ስለዚህ «አይዘንብም» ተብሎ የተነገረ ትንበያ ዝናብ የጣለ እንደሆነ ተናጋሪው ለሚቀጥለው ዓመት አድማጭ አያገኝም። «ከአሥር እንዲህ ካሉ ዓመታት አራት ወይም አምስቱ ደረቅ ይሆናሉ» ብሎ መንገር ይሻላል፤ የዕድልን ነገር አርብቶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የጠረፉ የበጋ ዝናብ ለአንበጣም ዝናብ ነው። የበረሃ አንበጣ ከኅዳር እስከ መጋቢት በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ በረጠበው አሸዋ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። በግንቦት 2010 እና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሜኩኑና ሉባን የተባሉት አውሎ ነፋሳት የዓረብን ባዶ በረሃ ካረጠቡ በኋላ የተራባው አንበጣ በጠረፉ የበጋ ዝናብ ተጠናክሮ በ2012 ዓ.ም. ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቅልቋል። ስለሆነም ትንበያው «ከመደበኛ በላይ» ሲል የግጦሹን ደስታ ብቻ ሳይሆን የኩብኩባ አሰሳውንም ማዘዝ አለበት።

በመጨረሻ የሰፈራ ቦታ መራጮችን የሚመለከት ነገር አለ። በደረቅ ዓመት የተፈናቀለ ሕዝብ የሚሰፍርበት ቦታ ሲፈለግ፣ ሜዳማና ለጉድጓድ ቅርብ ሆኖ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የደረቅ ወንዝ ዳር ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በጅቡቲ በአንድ ቀን የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ መጣሉ በጊዜው ተዘግቧል። እንዲህ ያለው ጎርፍ በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ ቢመጣ እንኳን የሚወስደው የሰፈረውን ነው። ቦታው ከመለካቱ በፊት የአካባቢው አዛውንት በዕድሜያቸው ጎርፉ እስከ የት እንደ ደረሰ ተጠይቀው በዚያው ልክ ችካል ይተከል፤ የመጀመሪያውም ጎጆ ከችካሉ በላይ ይቀለስ።