ቅንጬ አረምን ለሽልሻሎ አታቆዩት

ለራያ ቆቦ፣ ለሀብሩ፣ ለቃሉና ለአካባቢው ቆላ አርሶ አደሮች

ዝናቡ ከጣለ ወዲህ በማሽላው መካከል፣ በወሰኑና በመንገዱ ዳር መሬት ላይ ተለጥፎ የወጣው ቅንጬ አረም ነው። በሐረርጌ ፋራምሲሳ ይሉታል። ስሙን የማያውቅ የለም። ብዙዎቻችሁ የምትለዩት ግን ቆሞ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

ጨቅላውን ለዩት። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴና ፀጉራም ነው። ቅጠሎቹ ከአንድ እምብርት ወጥተው እንደ ሰፌድ ክብ ሠርተው መሬት ላይ ይተኛሉ። አሪቲ የሚመስላቸው አሉ። አሪቲ ሲነካ ሽታው ያውዳል፤ ቅንጬ ያ መዓዛ የለውም። ለመለየት ብላችሁ ግን በባዶ እጅ አታሹት። ሲያድግ ግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች ቦይ የመሰለ መስመር ይታያል፤ አበባው ደቃቅ ሆኖ አምስት ማዕዘን አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህን ምክር በየክረምቱ እንናገራለን፣ በየክረምቱም ይዘለላል፦ ሳያብብ ንቀሉት። እርጥበት ካገኘ በበቀለ በ4 ሳምንት ገደማ ማበብ ይጀምራል። እናንተ ደግሞ «ሽልሻሎ ሲደርስ አብሮ ይገለበጣል» ትላላችሁ። ቀኑን ቁጠሩት። ማሽላው ለሽልሻሎ እስኪደርስ ቅንጬው አብቧል፤ ማረሻውም ቢሆን ከማሽላው እግር ሥር የተጠጋውን አያገኘውም። አንድ የጎለመሰ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ያራግፋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ዓመታት ይቆያል፤ ዛሬ ያለፋችሁት አንድ እግር አረም ልጆቻችሁን ያስቆፍራል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ የማሳ ሙከራ፣ ወቅቱን ሙሉ ቅንጬው ሳይታረም የቀረ ማሽላ ከ40 እስከ 97 በመቶ ምርቱን አጥቷል። 97 በመቶ ማለት ጎተራው ባዶ ነው።

በማጭድ አትቁረጡት። ከሥሩ አቆጥቁጦ እንደገና ያብባል። ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ግንዱን ከታች ይዛችሁ ከነሥሩ ሳቡት። ሳያብብ የተነቀለውን እዚያው ማሳው ላይ ማድረቅ ወይም ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ያበበውን ግን ወሰን ላይ አትከምሩ፣ ወንዝ ውስጥም አትጣሉ፤ ጎርፉ ዘሩን ታች ላለው ጎረቤታችሁ ያደርስለታል። ሳታራግፉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱት፣ ጉድጓድ ውስጥ አድርቃችሁ አቃጥሉት።

እጃችሁን ሸፍኑ። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ እሰሩ፣ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ቆዳው የቆሰለና ዓይኑ ያበጠ ሰው ወደ ቢሯችን ሲመጣ ማየት ሰልችቶናል። አስም ያለበት ሰው ነቀላው ላይ አይሰለፍ። ልጆችን በባዶ እጅ አታሰማሩ። ደግመን እንላለን፦ ልጆችን በባዶ እጅ አታሰማሩ። ለከብትም አትስጡት፤ የበላች ላም ወተቷ ይመርራል።

ቱፎርዲ የምትጠይቁን አላችሁ። መድኃኒቱ የሚሠራው አረሙ ገና መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ነው፤ ካበበ በኋላ ገንዘባችሁን ማፍሰስ ነው። ነፋስ ወስዶ ባቄላና ሽንብራ ላይ ካሳረፈው ደግሞ እነሱንም ያጠፋል፤ ልኩን ሳትጠይቁ አትርጩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ወለንጪቲ ላይ የተለቀቀው የቅንጬን ቅጠል የሚበላ ጥንዚዛ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን የእናንተን ማሳ በዚህ ክረምት አያጸዳም። አትጠብቁት።

ማሳውን ብቻ አርማችሁ ወሰኑን የምትተዉ ሰዎች ከንቱ ትደክማላችሁ። አረሙ ተመልሶ የሚገባው ከዚያው ነው፦ ከወሰኑ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከከብት በረቱ አጠገብ። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ይከብዳልና ደቦ ጥሩ፤ ወሰን የሚጋሩ በአንድ ቀን ይውጡ። ከዚያ በየ2 ሳምንቱ ተመለሱበት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር አዲስ ይበቅላልና። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ከተነሳ በኋላም መሬቱ እርጥበት እስካለው ድረስ ይወጣል፤ ማሳው ባዶ ነው ብላችሁ ፊታችሁን አታዙሩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዙሩት።